የግቢ መተላለፊያን በድቡልቡል ድንጋይ ማስጌጥ፦ ከቁፋሮ እስከ ውሃ ማጠጣት

በአርማታ ላይ የተተከለ ጌጠኛ ድንጋይ ሲነቀል ሰው ቶሎ የሚያማው ሲሚንቶውን ነው። ድንጋዩ የወጣበትን ጉድጓድ ጎንበስ ብሎ ያየ ግን ሌላ ነገር ያነባል። ጉድጓዱ ልሙጥ ሆኖ ጣት ላይ አቧራ ከተወ ድንጋዩ ሳይታጠብ ነው የገባው። ጉድጓዱ እንደ ስኒ ማስቀመጫ ጠፍጣፋ ከሆነ ድንጋዩ ተቀመጠ እንጂ አልተቀበረም። ውስጡ ቀዳዳ በቀዳዳ ከሆነ ደግሞ ሞርታሩ (የሲሚንቶና የአሸዋ ቡኬቱ) መጠንከር ከጀመረ በኋላ በመዶሻ ተገፍቶ የገባ ነው። ሲሚንቶ ሙጫ አይደለም። ድንጋዩን የሚይዘው ከወገቡ በላይ አቅፎት ሲጠነክር ነው።

እዚህ በምሳሌነት የምንወስደው ከግቢው በር እስከ ቤቱ ደጃፍ የሚሄድ፣ 6 ሜትር ርዝመትና 1 ሜትር ስፋት ያለው መተላለፊያ ነው። የእናንተ ከዚህ ቢረዝም ወይም ቢያጥር ቁጥሩን በካሬ ሜትር ማስላት ነው። ሥራው ሁለት ንብርብር አለው፤ ከታች 10 ሳ.ሜ የአርማታ መሠረት፣ ከላይ ድንጋዩን የሚያቅፍ 5 ሳ.ሜ ያህል ሞርታር። ሁለቱን ለይቶ መሥራት ለእጅ ሥራ ይመቻል፤ የላዩን በትንሽ በትንሹ እያቦኩ ሳይጣደፉ መደርደር ይቻላል።

ድንጋዩን መምረጥ

ለእግር መንገድ የሚስማማው ከ4 እስከ 6 ሳ.ሜ ቁመት ያለው፣ ጠጣርና ውሃ የማይመጥ ድንጋይ ነው። የወንዝ ውሃ አንከባሎ የሞረደው ጥቁር ባዝልት ከሁሉም ይሻላል። ቀለሙ አይለቅም፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ይበልጥ ይጠቁራል። ነጭ ለመቀላቀል ለሚፈልግ ከእብነ በረድ መቁረጫ ቤቶች የሚወጣው ቁርጥራጭ በርካሽ ይገኛል፤ ሹል ጠርዙ ግን ሳይሞረድ እግር በሚረግጠው ቦታ መግባት የለበትም።

ድንጋዩን ከመግዛታችሁ በፊት ሁለቱን አጋጩ። ጥርት ብሎ የሚጮኽ ጠጣር ነው፤ ድምፁ የታፈነ ውስጡ የበሰበሰ ወይም የተሰነጠቀ ነው። ከዚያ በደረቅ ድንጋይ ላይ የውሃ ጠብታ ጣሉበት። ጠብታው ቆሞ ከቀረ መልካም፤ ወዲያው ከሰረገ ድንጋዩ ውሃ ይስባል ማለት ነው፤ ሲተከል የሞርታሩንም ውሃ ይመጥበታል። የአምቦ ድንጋይ ከዚህ ወገን ነው። ለመተላለፊያና ለመቀመጫ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ከመተከሉ በፊት ውሃ ውስጥ ማደር አለበት።

ሁለት ዓይነት ድንጋይ ለዚህ ሥራ አንመክርም። አንደኛው እንደ ቢሾፍቱ ባሉ አካባቢዎች የሚወጣው ቀይና ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ለአበባ መደብ ያምራል፤ እግር በሚመላለስበት ግን አናቱ እየተፈረፈረ ይሄዳል። ሁለተኛው ባልጩት ነው። ጥቁር ብርጭቆ ስለሆነ ዓይን ይስባል፤ ሲሰበር ግን እንደ ምላጭ ይቆርጣል፣ ሲረጥብ ያንሸራትታል፣ በዚያ ላይ የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ በሲሚንቶው ውስጥ ካለው አልካሊ ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር ቀስ በቀስ በኬሚካል ስለሚዋሐድ ከዓመታት በኋላ ዙሪያውን ሊሰነጥቀው ይችላል። የጠርሙስ ቂጥ የሚተክሉም አሉ። ግድግዳ ላይ ይሁንላቸው።

ስለ ቀለም አንድ ቃል፦ ሁለት ይበቃል። ከዚያ በላይ የገባበት መንገድ ከልብስ ሰፊ ቤት የተጠረገ ብጥስጣሽ ይመስላል። ንድፍ ያጣ ሰው የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ይመልከት፤ በሁለቱ ጠርዝ የሚሄድ መስመር፣ በመካከሉ የሚደጋገም ባለ አራት ማዕዘን። ቀጥ ባለ መስመር ስለሚሠራ ለጀማሪ እጅም ይታዘዛል። መስቀል ግን እግር በሚረግጠው መሬት ላይ አይሠራም።

ምን ያህል ዕቃ ይገዛል

ለ6 ካሬ ሜትር የሚከተለው ይበቃል፤ ብክነቱ ታስቦበታል።

ለመሠረቱ፦ 5 ከረጢት ሲሚንቶ (ባለ 50 ኪሎ)፣ 0.36 ሜትር ኩብ አሸዋ፣ 0.54 ሜትር ኩብ ጠጠር። ይህ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር ማለት ነው።
ለላዩ ሞርታር፦ 2 ከረጢት ሲሚንቶ፣ 0.2 ሜትር ኩብ አሸዋ። አንድ ለሦስት።
ከሥር ለሚጠቀጠቀው፦ 0.75 ሜትር ኩብ ገረጋንቲ።
ጌጠኛ ድንጋይ፦ በካሬ ሜትር ከ70 እስከ 80 ኪሎ፣ በድምሩ 480 ኪሎ ያህል። ሲለቀም የሚጣል ስላለ 50 ኪሎ ጨምሩበት።

መለኪያ ሳጥን ከጣውላ ሥሩ፤ የውስጡ ልክ 50 በ40 በ18 ሳ.ሜ ቢሆን 36 ሊትር ይይዛል፤ ይህም ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ መጠን ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ለመሠረቱ አንድ ከረጢት፣ ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር ማለት ነው። በአካፋ መቁጠር ይቅር፤ የጠዋት አካፋና የማታ አካፋ እኩል አይደለም።

ለመሠረቱ ኦፒሲ (ተራ ፖርትላንድ) ሲሚንቶ ብትጠቀሙ ቶሎ ይጠነክራል። ለላዩ ግን ፒፒሲ ይመረጣል። በውስጡ ፖዞላና የተባለ የእሳተ ገሞራ ዱቄት ስላለበት ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፤ ድንጋይ ለሚደረድር ሰው ደግሞ ያ ተጨማሪ ጊዜ ትልቅ ነገር ነው። ዋጋው ረዘም ያለ ውሃ ማጠጣት ነው። ከረጢቱን ስትከፍቱ እጃችሁን አስገቡበት፤ በጣት የማይፈርስ ጓል ካለው እርጥበት ያገኘው ነውና ለዚህ ሥራ አይሆንም።

አሸዋው አፈር እንደሌለበት የሚታወቀው በፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። ግማሽ ድረስ አሸዋ፣ ከዚያ ውሃና ቁንጥር ጨው ጨምራችሁ በደንብ ናጡና ሁለት ሰዓት አስቀምጡት። አሸዋው 10 ሳ.ሜ ቢቆም ከላዩ የሚተኛው ጭቃ ከ6 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ከበለጠ እጠቡት ወይም መልሱት። ለላዩ ሞርታር የሚሆነውን ደግሞ በወንፊት ንፉት፤ አንድ ባቄላ የምታህል ጠጠር ከድንጋዩ ሥር ከገባች ድንጋዩ አይወርድም።

መሬቱን ማዘጋጀት

ኮብልስቶን አሸዋ ላይ ስለሚቀመጥ ቧንቧ ሲፈነዳ ተነቅሎ ይመለሳል። ይኼኛው አንዴ ከደረቀ መሰበር እንጂ መነቀል የለውም። ስለዚህ የውሃም ሆነ የመብራት መስመር የሚያልፍ ከሆነ አስቀድሞ ይለፍ። ዛሬ የሚያልፍ ነገር ባይኖርም 50 ሚሊ ሜትር ባዶ የፕላስቲክ ቱቦ አግድም ቀብራችሁ ሁለቱን ጫፍ በላስቲክ አስራችሁ ተዉት። ነገ የአትክልት ውሃ ወይም የአምፖል ገመድ ማሳለፍ ሲፈለግ ይጠቅማል።

ችካል ተክላችሁ ሲባጎ ወጥሩና 23 ሳ.ሜ ቆፍሩ። የሣር ሥርና ለስላሳ ለም አፈር ፈጽሞ አይቅር። መሬቱ ዋልካ ከሆነ ግን ይህ አይበቃም። ዋልካ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ከላዩ ያለውን 15 ሳ.ሜ አርማታ እንደ ክዳን ያነሳዋል። ተጨማሪ 30 ሳ.ሜ ቆፍራችሁ በገረጋንቲ ተኩት፤ ለዚህም ከላይ ከተጻፈው ሌላ 2 ሜትር ኩብ በላይ ገረጋንቲ ያስፈልጋል። ወጪው ያናድዳል፤ ሳይደረግ ሲቀር ግን በመጀመሪያው ክረምት ነው የሚታወቀው።

ገረጋንቲውን ውሃ እያርከፈከፋችሁ ቢበዛ በ10 ሳ.ሜ ንብርብር ጠቅጥቁ። ጭቃ እስኪሆን አይደለም፤ በእጅ ሲጨመቅ የሚያያዝ፣ እጅ ግን የማያጨቀይ እርጥበት ነው የሚፈለገው። ተረከዛችሁን መትታችሁ ምልክት ካልቀረበት በቂ ነው።

ውሃ ከቤቱ መሸሽ አለበት፤ በሜትር 2 ሳ.ሜ ይዘቅዝቅ። ይህን ለመለካት 1 ሜትር ርዝመት ባለው ስታጃ (ቀጥ ያለ ጣውላ) ዝቅ ባለው ጫፍ ሥር 2 ሳ.ሜ ውፍረት ያለው እንጨት በሚስማር ምቱበት፤ ውሃ ልኩን ከላዩ ስታስቀምጡ አረፋው መሐል ከቆመ ተዳፋቱ ልክ ነው።

የጎን ጣውላዎቹ 15 ሳ.ሜ ቁመት ይኑራቸው፤ በየ60 ሳ.ሜ በችካል ይደገፉ። የውስጥ ገጻቸውን በተቃጠለ ዘይት ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ዘይቱ ከበዛ አርማታውን ያጠቁረዋል፣ ድንጋዩ ላይ ከነካ ደግሞ ሞርታሩ አይዘውም። መተላለፊያው ከቤቱ መሠረት ጋር በሚገናኝበት 1 ሳ.ሜ ፎም ወይም የታጠፈ ካርቶን አስገቡ፤ ቤቱና መንገዱ እኩል ስለማይሰምጡ ተጣብቀው መድረቅ የለባቸውም።

መሠረቱን ማፍሰስ

ለዚህ ሥራ ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ያለው ጊዜ ይመቻል። በክረምት ዝናብ ሊጡን ያጥበዋል፤ በታኅሣሥ ደግሞ ሌሊት ውርጭ የሚጥልበት ቦታ ካላችሁ አመሻሽ ላይ አታፍስሱ።

ሲሚንቶና አሸዋውን ደረቁን ሦስት ጊዜ ገልብጡ፣ ጠጠሩን ጨምሩ፣ ውሃውን በመጨረሻ። ለአንድ ከረጢት ከ22 እስከ 25 ሊትር ይበቃል፤ አሸዋው ከረጠበ ከዚህም ይቀንሳል። የሚያቦካ ሰው ሁሉ ክንዱ እንዲቀልለት ውሃ መጨመር ይፈልጋል። የተረፈው ውሃ ግን ሲተን ቦታው ባዶ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል፤ ደካማ አርማታ ማለት እሱ ነው።

ገረጋንቲውን አርጥቡና አፍስሱ። በብረት ዘንግ እየወጋጋችሁ በተለይ ጥጋጥጉን አየር አስወጡ። ደረጃውን የምታስተካክሉበት ዘዴ ይህ ነው፦ ከመንገዱ ስፋት የሚበልጥ ጣውላ ወስዳችሁ በአንዱ ጎኑ ሁለቱን ጫፍ 5 ሳ.ሜ፣ በሌላው ጎኑ 2 ሳ.ሜ ቅረጡት። የተቀረጠው ጫፍ የጎን ጣውላዎቹ ላይ ተንፈላስሶ ሲጎተት መካከሉ ወደ ውስጥ ገብቶ ይጠርጋል። የ5 ሳ.ሜው ጎን ለመሠረቱ፣ የ2 ሳ.ሜው ጎን በኋላ ለሞርታሩ ነው።

በየ1.5 ሜትሩ በግንበኛ ማንኪያ 3 ሳ.ሜ ጥልቀት ያለው መስመር ቁረጡ። አርማታ ሲደርቅ መኮማተሩ አይቀርም፤ የሚሰነጠቅበትን ቦታ እናንተ ካልመረጣችሁለት ራሱ ይመርጣል። የመስመሮቹን ቦታ በጎን ጣውላው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ ነገ ያስፈልጋል።

ለእግረኛ ብቻ ከሆነ ብረት የግድ አይደለም። መኪና የሚገባበት ከሆነ መሠረቱ 15 ሳ.ሜ ይሁን፣ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮም በየ20 ሳ.ሜ ይታሰር። ብረቱ ከመሬት 5 ሳ.ሜ ከፍ ብሎ በሞርታር ጉብ ላይ መቀመጥ አለበት፤ መሬት ላይ ተኝቶ የቀረ ፌሮ ዝገት እንጂ ጉልበት የለውም።

ላዩን አታለስልሱት። ሊሾ አይደለም። ውሃው ከላዩ ሲጠፋ በጠንካራ መጥረጊያ ወይም በሚስማር በተመታ እንጨት ግማሽ ሳ.ሜ የሚገባ መስመር ሠርታችሁ ሸካራ አድርጉት። እርጥብ ጆንያ አልብሱትና ይደር።

ድንጋዩን ማጠብና መደርደር

መሠረቱ በሚያድርበት ቀን ድንጋዩን እጠቡ። በበርሜል ውሃ ውስጥ በብሩሽ፣ ውሃው እስኪጠራ ድረስ፤ ብዙውን ጊዜ ሦስት ውሃ ይፈልጋል። ዓይን የማያየው ስስ ጭቃ ከሞርታሩ ጋር እንዳይገናኝ የሚያደርግ ልባስ ነው። ከዚያ በየመጠኑና በየቀለሙ በባልዲ ለዩ። ንድፉን ደረቁን አሸዋ ላይ ደርድሩትና ፎቶ አንሱት፤ እርጥብ ሞርታር ላይ ቆሞ ማሰብ አይቻልም።

በማግስቱ መሠረቱን በውሃ አርጥቡ፤ የቆመውን ውሃ ጥረጉ። ሲሚንቶ ብቻውን በውሃ በጥብጡ፣ ውፍረቱ ምጣድ ላይ እንደሚፈስ የእንጀራ ሊጥ ይሁን። ይህን ሊጥ በመጥረጊያ የምትቀቡት ወዲያው ሞርታር የምትዘረጉበትን ግማሽ ካሬ ብቻ ነው። ሙሉውን መንገድ ቀብቶ ምሳ የሄደ ሰው ማጣበቂያ ሳይሆን መለያያ ነው የሠራው፤ የደረቀው ሊጥ ሁለቱን ንብርብር ይለያያል።

ሞርታሩ በልክ ይቦካ። ሙሉ ከረጢት አታፍርሱ። በ5 ሊትር ጣሳ አንድ ሲሚንቶ፣ ሦስት አሸዋ ብትሉ 15 ሊትር ያህል ሞርታር ይወጣችኋል፤ ይህም ግማሽ ካሬ ሜትርን በ3 ሳ.ሜ ውፍረት ይሸፍናል። አንድ ሰው ከረዳት ጋር ይህን ለመደርደር ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ በፀሐይ ከሆነ ሞርታሩ የሚጠብቀው ከዚያ አይበልጥም። ስለዚህ ሸራ ወጥሩ፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሥሩ፣ ቀትሩን እረፉ፣ ከ9 ሰዓት በኋላ ቀጥሉ። የጠነከረ ሞርታር ውሃ ተጨምሮበት ቢለሰልስ እንኳ ጉልበቱ አይመለስም። ይጣል።

የሞርታሩ ልክ በመዳፍ ይታወቃል። ስትጨብጡት ተያይዞ ይቅር፣ በጣቶቻችሁ መካከል ግን ውሃ አይንጠብ። አንድ ድንጋይ አቁሙበት። ሳይነኩት ከሰመጠ ውሃው በዝቷል። እንደቆመ ቀርቶ በጣት ግፊት ከወረደ ልክ ነው። መዶሻ ከጠየቀ ጊዜው አልፏል።

ለምን 5 ሳይሆን 3 ሳ.ሜ ትዘረጋላችሁ? ድንጋዩ ሲገባ ሞርታሩን ይገፋዋል። 5 ሳ.ሜ ቁመት ያላቸው ድንጋዮች ተጠጋግተው ሲወርዱ ሞርታሩ በመካከላቸው እስከ 5 ሳ.ሜ ገደማ ይነሳል። ከመጀመሪያው 5 ብታደርጉት ድንጋዩን ውጦ ያስቀረዋል፤ 2 ብታደርጉት ደግሞ ወገቡ ላይ አይደርስም።

ድንጋዩ በሚተከልበት ጊዜ እርጥብ ይሁን፤ ውሃ ግን አያንጠባጥብ፣ ላዩ አያብለጭልጭ። በቁሙ ትከሉት እንጂ አታስተኙት። ወፍራም ጫፉ ወደ ታች፤ እንደ ጥርስ፣ ሥሩ ከሚታየው ይርዘም። 5 ሳ.ሜ ድንጋይ 4ቱ ተቀብሮ 1 ሳ.ሜ ብቻ ብቅ ይበል። ከድንጋይ ድንጋይ ግማሽ ሳ.ሜ ይራቅ፤ ሲያዩት እንደ በቆሎ ፍሬ የተጠጋጋ ይምሰል፣ ግን አይነካካ። የተነካኩ ድንጋዮች መካከላቸው ሞርታር አይደርስም፤ በጣም የተራራቁ ከሆነ ደግሞ የሚታየው ሲሚንቶ ብቻ ነው።

ከጠርዝ ጀምሩ። ከጎን ጣውላው 3 ሳ.ሜ ራቁ፤ ጠርዝ ላይ የተተከለ ድንጋይ ይዞት የሚሄደው ጠርዙን ነው። ከጠርዙ ቀጥሎ የንድፉን መስመር፣ በመጨረሻ መሐሉን ሙሉ። ከመሠረቱ መስመሮች ትክክል አናት ላይ ግማሽ ሳ.ሜ ስስ እንጨት አቁማችሁ ሁለቱን ጎን በአንድ ዓይነት ድንጋይ ብታጅቡት መገጣጠሚያው የንድፉ ክፍል ይመስላል። እንጨቱ ሲወጣ ቦታው በአሸዋ ይሞላ።

ጥቂት ረድፍ ሲሞላ ቀጥ ያለ ጣውላ ከላዩ አስተኝታችሁ በጎማ መዶሻ መታ መታ አድርጉ፤ ከፍ ያሉት ይወርዳሉ። ተዳፋቱን እንደገና ለኩ። ከዚያ በኋላ ያን ቦታ አትንኩ። «ትንሽ ላስተካክለው» ተብሎ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተነቀነቀ ድንጋይ ሲደርቅ በጣት ሲንኳኳ ባዶ ይጮኻል። የቀኑ ሥራ ሲያልቅ ከመገጣጠሚያው ላይ አቁሙ፤ ትርፉን ሞርታር በማንኪያ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ።

ጓንት ሳታደርጉ አትሥሩ። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል፣ ሕመሙም የሚሰማው ዘግይቶ ነው። ጉልበታችሁ ሥር ጣውላና ስፖንጅ አድርጉ።

ማጠብና ውሃ ማጠጣት

ላዩን ለማጠብ ትክክለኛው ሰዓት ከ3 እስከ 6 ሰዓት በኋላ ነው፣ እንደ ፀሐዩና እንደ ሲሚንቶው ዓይነት። ሰዓት ከማየት ይልቅ አውራ ጣታችሁን ተጠቀሙ፤ ሞርታሩ ላይ ጫን ስትሉ ካልሰረጎደ፣ ድንጋዩም በጎን ሲገፋ ካልተነቃነቀ ጊዜው ነው። በደንብ የተጨመቀ ስፖንጅና ለስላሳ ብሩሽ ብቻ። በጎማ ቱቦ ውሃ የለቀቀበት ሰው በድንጋዩ ዙሪያ ያለውን ሊጥ አጥቦ ያወጣዋል። ያሳደረው ደግሞ በድንጋዩ ላይ ግራጫ ቅርፊት ያገኛል።

በቀጭኑ የቀረው ግራጫ ቅባት በማግስቱ በብሩሽና በውሃ ይለቃል። እምቢ ካለ ሁለት ሳምንት ጠብቃችሁ በኮምጣጤ ሞክሩ፤ መጀመሪያ ላዩን አርጥቡ፣ በኋላም ደጋግማችሁ እጠቡ። እብነ በረድ ወይም የኖራ ድንጋይ ካለበት ግን አሲድ የሚባል ነገር አይነካው፤ ድንጋዩን ራሱን ይበላዋል።

ከዚያ የሚቀረው ውሃ ማጠጣት ነው፤ ብዙ ጥሩ ሥራ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ሞርታሩ የሚጠነክረው ውሃ እያለው እንጂ እየደረቀ አይደለም። በደጋ ፀሐይና ነፋስ ላዩ በአንድ ቀን ይደርቃል። እርጥብ ጆንያ አልብሱ፣ ከላዩ ላስቲክ ዘርጉ፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ አጠጡ፤ ኦፒሲ ከሆነ 7 ቀን፣ ፒፒሲ ከሆነ ከ10 እስከ 14 ቀን። በአራተኛው ቀን በጥንቃቄ መራመድ ይቻላል፤ መኪና ግን 28 ቀን ይጠብቅ። ዶሮና ውሻ ካለ በመጀመሪያዋ ሌሊት አጥሩበት።

ለመቀመጫ ቦታ ከሆነ

ግቢ ውስጥ ወንበርና ጠረጴዛ የሚቀመጥበት ሰፊ ቦታ ከመተላለፊያ ይለያል። አናቱ የወጣ ድንጋይ ላይ በርጩማ ይወላከፋል፣ ረከቦትም አይቆምም። ስለዚህ ቡና የሚፈላበትን መሐሉን አንድ ሜትር ተኩል ያህል በጠፍጣፋ የአምቦ ድንጋይ ሥሩና ድቡልቡሉን ዙሪያውን ብቻ አድርጉ። ጠፍጣፋው ድንጋይ ከጀርባው ሙሉ በሙሉ ሞርታር ይቀባ፤ በአራት ጥግ ጉብ ጉብ አድርጎ ማስቀመጥ መሐሉን ባዶ ያስቀረዋል፣ እግር ሲያርፍበትም ይሰበራል። የከሰል ምድጃ እግሩ አጭር ከሆነ ሥሩ ጡብ አኑሩ። በእርጥበት ላይ ያለ የወንዝ ድንጋይና አርማታ ድንገተኛ ግለት ሲያገኘው ውስጡ ያለው ውሃ ተንኖ ላዩን ፈንቅሎ ሊያስወጣ ይችላል። ቦታው ሰፊ ከሆነ መገጣጠሚያው በሁለቱም አቅጣጫ ይሁን፤ በግምት 1.5 በ1.5 ሜትር። አረጋውያን የሚመላለሱበት ከሆነ ደግሞ ብቅታው ከግማሽ ሳ.ሜ አይለፍ።

ዘርቶ መትከል

አንድ በአንድ ለመደርደር ትዕግሥት ለሌለው ሌላ መንገድ አለ። መሠረቱን 12 ሳ.ሜ አድርጋችሁ ከጎን ጣውላው 1 ሳ.ሜ ዝቅ አድርጋችሁ ጥረጉ፤ ላዩ ላይ የተፋው ውሃ ሲጠፋ ከ1 እስከ 2.5 ሳ.ሜ የሆኑ የታጠቡ ጠጠሮችን እንደ ዘር በትኑ። በሰፊ ጣውላ እየጫናችሁ ሊጡ ለጥቂት እስኪያለብሳቸው አስምጡ። ሊጡ ጠንከር ሲል በለስላሳ መጥረጊያና በቀስታ በሚፈስ ውሃ የጠጠሩን አንድ ሦስተኛ ብቻ ግለጡ። ፈጣን ነው፣ ርካሽ ነው፤ ንድፍ ግን አይወጣውም። ላዩ ቶሎ እንዳይጠነክር ስኳር በውሃ በጥብጠው የሚረጩ አሉ። ስኳር የሲሚንቶን መጠንከር እንደሚያዘገይ እውነት ነው፤ ልኩ ሲያልፍ ግን ላዩን እንደ አሸዋ ያራግፈዋል፤ ከጎን በ30 በ30 ሳ.ሜ ሙከራ ሳታዩ አትድፈሩት።

ሲበላሽ

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ነጭ ዱቄት ላዩ ላይ ቢታይ አትደንግጡ። ከሲሚንቶው የወጣ ጨው ነው፤ በደረቅ ብሩሽ ጠርጋችሁ ተዉት፣ ሁለት ሦስት ዝናብ ሲያገኘው ይቀንሳል። በየዓመቱ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚመለስ ከሆነ ግን ከሥር ውሃ እየገባ ነው፤ የአበባ መደቡን ውሃ ወይም የጣሪያውን አሸንዳ መውረጃ ተመልከቱ።

በፀጉር ቅጥነት የተሰነጠቀ መስመር በድንጋዮቹ መካከል የሚያልፍ ከሆነና ሁለቱ ጎን እኩል ከሆኑ የመኮማተር ነው፤ ተዉት። አንዱ ጎን ከፍ ያለ ከሆነ መሬቱ ተንቀሳቅሷል፤ ላዩን መድፈን ከንቱ ልፋት ነው።

አንድ ድንጋይ ብቻ ሲነቀል ጥገናው ቀላል ነው። ጉድጓዱን በመሮ 1 ሳ.ሜ አጥልቁት፣ ጎኖቹን ሸካራ አድርጉ፣ አቧራውን ጥረጉና ውሃ ሙሉበት፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ውሃውን በጨርቅ ምጠጡት። ውስጡን በሲሚንቶ ሊጥ ቀቡ፣ አንድ ለሁለት የቦካ ሞርታር ግማሽ ድረስ አድርጉ፣ የታጠበውን ድንጋይ ሞርታሩ በዙሪያው እስኪወጣ እየጠመዘዛችሁ ግፉት። ትርፉን ጥረጉ፣ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጉበት፣ ከላዩ ባልዲ ድፉበት፤ ለሦስት ቀን ማንም አይርገጠው።